ከአራት ኪሎ እስከ እንጦጦ ራጉኤል በእግር፦ የአንድ ቀን የተራራ ጉዞ እንዴት ይደረጋል?

እንጦጦን አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚያውቀው በመኪና ነው። እስከ ማርያም ደጅ በታክሲ ይወጣል፣ ከተማዋን ቁልቁል ያያል፣ ፎቶ ይነሳና ይመለሳል። እዚህ የማወራችሁ ስለ ሌላ ጉዞ ነው። ከአራት ኪሎ በእግር ተነስቶ፣ ሽሮ ሜዳን አልፎ፣ አቀበቱን በባሕር ዛፉ መሃል ወጥቶ፣ በተራራው ጫፍ ከማርያም እስከ ራጉኤል ሄዶ በዚያው ቀን ወደ ከተማ መውረድ። ከአራት ኪሎ እስከ ማርያም ብቻ ስምንት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታውም ከ500 ሜትር በላይ ይጨምራል። ቀኑን ሙሉ ያዙለት።

ከመሃል ከተማ ጀምሩ ብዬ አጥብቄ የምመክረው በምክንያት ነው። በመኪና ማርያም ደርሶ እርምጃ የሚጀምር ሰው ሰውነቱ ሳይሟሟቅ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ይቆማል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከአራት ኪሎ የተነሳ ሰው ግን እስከ ሽሮ ሜዳ ያለው ለዘብ ያለ ዳገት ሳንባውንም ጉልበቱንም ቀስ አድርጎ ያዘጋጅለታል። ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ቁልቁል ወደ ፍል ውሃ ስትወርድ የተመሠረተች ከተማ ናት፤ በእግሩ የወጣ ሰው ይህንን ታሪክ በጉልበቱ ያውቀዋል።

1. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ መንገዱ ደረቅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ግን ውርጭ አለ። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ከሰዓት በኋላ መብረቅና በረዶ ይመጣል። ረጃጅም ዛፎች ባሉበት የተራራ ጫፍ ላይ መብረቅ ከያዛችሁ ቀልድ አይደለምና በክረምት ባትሄዱ እመርጣለሁ። መስከረም በመሃል ነው፤ አደይ አበባውን ለማየት የቸኮለ ጭቃውንም መቀበል አለበት።

ወር በገባ በ21 ማርያም፣ በ1 ደግሞ ራጉኤል ይከበራሉ። በእነዚህ ቀናት መንገዱ በምዕመን ይሞላል። ከሰው ጋር መጓዝ ለሚወድ ደስ ይላል፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይሻለዋል።

ከአራት ኪሎ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሱ። ከዚያ በፊት በጨለማ አትውጡ፤ እንጦጦ ጅብ አለበት። ከሁሉ በላይ የመመለሻውን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ ወስኑ፦ የትም ድረሱ የት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ፊታችሁን ወደ ከተማ አዙሩ። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ጫካው ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ይጨልማል።

2. አብሮ የሚሄድ ሰው ፈልጉ

ብቻችሁን አትሂዱ። ጭር ባሉት የጫካው ክፍሎች ዝርፊያ ያጋጥማል፤ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበትን ሰው ደግፎ የሚያወርድም ጓደኛ ነው። አራት ወይም አምስት ሰው ጥሩ ነው፣ አንዱ መንገዱን የሚያውቅ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ስለ ዕለቱ ሁኔታ የሰፈሩን ሰው ጠይቁ። «ዛሬ በዚያ በኩል አትሂዱ» ካሏችሁ ሳትከራከሩ ስሙ።

ከቆላ ሰሞኑን የመጣ እንግዳ፣ ለምሳሌ ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ፣ ካለ ከተማው ውስጥ ጥቂት ቀን ይሰንብት። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ለነዋሪዋ የማይታወቀው ከፍታ ለእንግዳ ራስ ምታት ይሆናል።

3. የሚያዘውን ያዙ

ጫማ ከሁሉ ይቀድማል። እግር የለመደው፣ ሶሉ ያልተላጨ ስኒከር ይበቃል፤ አዲስ ጫማ በዚህ ቀን አይመረቅም። ከጉዞው በፊት የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ የእግር ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር በእያንዳንዱ እርምጃ ይጋጫል፣ ረጅም ጥፍር ያለው ሰው ማታ ላይ ያየዋል። ትርፍ ካልሲም ያዙ።

ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር። በመንገድ ያለውን ምንጭም ሆነ ወንዝ፣ የቱንም ያህል ጥርት ቢል፣ አትጠጡ። ከምግብ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝና ብርቱካን ቦርሳ አይከብዱም፣ ቢያድሩም አይበላሹም። እኔ ከሁሉም የማስበልጠው በሶን ነው። ጨው ጣል ተደርጎበት ጠዋት የተጨበጠ በሶ አቀበቱ መሃል ላይ የሚሰጠውን ጉልበት ከሱቅ የተገዛ ብስኩት አይሰጥም፤ ከዚያ ላይ ጾመኛውም ፍስከኛውም እኩል ይበላዋል።

ሹራብ ወይም ቀለል ያለ ጃኬት የግድ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ላብ ያራሰው ሰው ጫፍ ላይ ነፋሱ ሲያገኘው ደግሞ ብርዱ ከዚያ የባሰ ይሰማዋል። ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ቁስል ማሸጊያ ፕላስተር፣ ባትሪው የሞላ ስልክና ጥሬ ብር ጨምሩ። ሴቶች ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ለመግባት ነጠላ ይያዙ።

4. ከአራት ኪሎ እስከ ሽሮ ሜዳ

ከአራት ኪሎ የድል ሐውልት ተነስታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ከየካቲት 12 ሐውልት አልፋችሁ በዩኒቨርሲቲው በኩል ቀጥ ብላችሁ ውጡ። እዚህ ላይ አትሩጡ፣ አትፎካከሩ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስና የሸማ ገበያው ገና ሲከፈት ትደርሳላችሁ። ሻይ በዳቦ እዚያ ጠጡ፣ ሽንት ቤት ተጠቀሙ፣ የጫማችሁን ክር አጥብቁ።

5. አቀበቱን መውጣት

ዋናው ፈተና እዚህ ይጀምራል። ፍጥነታችሁን የምትለኩበት ቀላል መንገድ ወሬ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እያወራችሁ መውጣት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፤ ቃል በቃል እየቆራረጣችሁ ከሆነ ቀንሱ። የቡድኑ ፍጥነት በመጨረሻው ሰው ይለካ። ደካማው ሲደርስባቸው ተነስተው የሚሄዱ ጓደኞች ለእሱ ዕረፍት አልሰጡትም፣ ለራሳቸው ነው ያረፉት። እርምጃ አሳጥሩ፣ ሰውነታችሁን በትንሹ ወደ ፊት አዘንብሉ፣ በየ50 ደቂቃው አምስት ደቂቃ ቆሙ። ከዚያ በላይ ከተቀመጣችሁ ጡንቻው ይቀዘቅዛል።

አስፋልቱን ይዞ መውጣት ይቻላል፤ መንገዱ አይጠፋም፣ መኪና ግን አለ። በጎን የሚያቋርጡት የእግር መንገዶች ያጥራሉ፣ አቀበታቸው ግን ይከብዳል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትገቡ ዓይናችሁ መሬት ላይ ይሁን። የደረቀው ቅጠልና የተላጠው ልጥ ያንሸራትታል፤ ጠንካራው ፍሬ ደግሞ ከጫማ ሥር ይንከባለላል። ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ጉቶ መልሶ ስለሚያቆጠቁጥ በየቦታው ጉቶ አለ፣ እግር ይጠልፋል።

ይህ ጫካ የጥንት ጫካ አይደለም። የተራራው ጥድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እያለቀ ሲሄድ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ። ቶሎ በማደጉ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ታደጋት። በአንጻሩ ውሃ በብዛት ይጠጣል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። አገር በቀሎቹን ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ማየት የሚፈልግ በአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር ዙሪያ ይመልከት።

እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ታገኛላችሁ። መንገዱ ጠባብ ከሆነ ቆማችሁ አሳልፏቸው፤ በዚያ ሸክም ቁልቁለት ላይ መቆምም መዞርም ለእነሱ አደጋ ነው። «እማማ፣ ያበርታዎት» ብላችሁ ሰላም በሏቸው። ሳትጠይቁ ፎቶ አታንሱ፤ የእናንተ የዕረፍት ቀን የእነሱ የእንጀራ ቀን ነው። ወደ ጸበል የሚወጡ ሕሙማንንም እንዲሁ ካሜራ አታዙሩባቸው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መንገዳገድ የጀመረው ሰው ካለ አረፍ በሉ። ካልተሻለው ይዛችሁት ውረዱ። ውሃና ማበረታቻ እየሰጡ ወደ ላይ መግፋት በፍጹም አይገባም።

6. ጫፉ ላይ፦ ከማርያም እስከ ራጉኤል

እንጦጦ ማርያም ስትደርሱ መጀመሪያ ሹራባችሁን ልበሱ፣ ከዚያ ብሉ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። ሙዚየሙንና የድሮውን ቤተ መንግሥት ለማየት አንድ ሰዓት መድቡ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክም በተራራው ላይ ነው፤ የተሠራ መንገድና ጥበቃ ስላለው ልጆች ወይም አዛውንት ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከጫካው ይልቅ እሱ ይስማማዋል።

የደከማችሁ ካላችሁ እዚህ ይብቃችሁ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ታክሲ አለ። ጉልበት የቀራችሁ የተራራውን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ራጉኤል ሂዱ። አቀበቱ አልቋልና ይህ የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ወደ ደቡብ ከተማዋ ተዘርግታለች፣ ወደ ሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ይታያል። ይህ ጫፍ የውሃ መለያ ነው፦ በስተደቡብ የወረደው ዝናብ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች በኩል ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል፤ በስተሰሜን የወረደው ደግሞ በሙገር በኩል ወደ አባይ። ማማዎችንና ጥበቃ ያለባቸውን ግቢዎች ፎቶ አታንሱ፤ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁም ወደ ሰሜኑ ቁልቁለት አትግቡ።

7. መውረድ

ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ጉልበቱ ዝሏል፣ ሐሳቡ ቤት ገብቷል። ከመነሳታችሁ በፊት ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ገፍታችሁ የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ። ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፋችሁ፣ በአጭር እርምጃ፣ ቁልቁለቱ ሲበረታ በጎን ውረዱ። ዱላ ይረዳል። አትሩጡ፤ በዚህ ተራራ ሲሮጡ የምታዩዋቸው አትሌቶች እግራቸው ይህንን መሬት ለዓመታት የለመደ ነው።

ከራጉኤል በደቡብ በኩል ወደ ጉለሌ ሰፈሮች የሚወርዱ መንገዶች አሉ። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ግን በመጣችሁበት ወደ ማርያም ተመልሳችሁ በአስፋልቱ ውረዱ። የውሃ ኮዳና የሙዝ ልጣጭ ሳይቀር ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

በማግስቱ ጭን ያማል፤ አልጋ ላይ ከመዋል ይልቅ ቀስ ብሎ መራመድ ያፍታታዋል። እንጦጦን ሁለት ሦስት ጊዜ ወጥታችሁ ሕመሙ ከቀነሰ ቀጣዩ በስተምዕራብ ያለው የወጨጫ ተራራና በጎኑ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። እሱ በጥንታዊ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የተሞላ፣ ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የሚኖሩበት ደን ነው፤ ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ከመሃል ከተማ እስከ ደኑ በእግር ስለማይደረስ መኪና አስቀድማችሁ አዘጋጁ፣ የደኑን ጥበቃዎችም ስለ መንገዱ ጠይቁ።