በጋራ ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራምን ለራስዎ ብቻ እንዴት እንደሚጭኑ

ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ኮምፒውተር ላይ ሌላውን ሳይነኩ፣ ብዙ ጊዜም አድሚን (ኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ ያለውን ሰው) ሳያስቸግሩ፣ ለራስዎ ብቻ ፕሮግራም መጫን ይችላሉ። እዚህ የማሳየው በዊንዶውስ ነው።

በራስዎ አካውንት ይግቡ። ሁሉም በአንድ አካውንት የሚገባ ከሆነ ግን ዊንዶውስ ማንንም ከማንም አይለይምና መጀመሪያ ለየሰዉ አካውንት ይከፈት።

ከዚያ ትክክለኛውን መጫኛ ያውርዱ። ኮድ መጻፊያው ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ለምሳሌ «ዩዘር» እና «ሲስተም» የሚባሉ ሁለት መጫኛዎች አሉት፤ የሚያስፈልግዎ «ዩዘር» የሚለው ነው። ሌሎች ፕሮግራሞች በአንድ ፋይል መጥተው ለእርስዎ ብቻ ወይስ ለሁሉም ተጠቃሚ እንደሚጫኑ መሃል ላይ ይጠይቃሉ። ሳያነቡ «ኔክስት»ን መደርደር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ቀጥሎ ነው። መጫኛውን ሲከፍቱ ስክሪኑ ደብዘዝ ብሎ የአድሚን ፓስወርድ ከጠየቀ ቆም ይበሉ። የተለመደው አድሚኑን ጠርቶ ፓስወርዱን ማስገባት ነው። ያኔ ግን መጫኛው የሚሠራው በአድሚኑ አካውንት ስም ይሆናል። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ ብለው ቢመርጡ እንኳ ፕሮግራሙ የሚገባው አድሚኑ ፎልደር ውስጥ ነው። መጫኑ በሰላም ያልቃል፤ እርስዎ ስታርት ሜኑ ላይ ግን ምንም የለም። ደጋግመው ቢጭኑትም ለውጥ የለውም።

ስለዚህ «ኖ» ይበሉ። ጉግል ክሮም ፈቃዱን ሲነፈግ ያለ አድሚን ልጫን ወይ ብሎ ይጠይቃል። በተለመደው የፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋ) መጫኛ ደግሞ ፈቃድ የሚያስጠይቀው ላውንቸሩን፣ ማለትም ፓይተንን የሚያስነሳውን ትንሽ ፕሮግራም፣ ለሁሉም ተጠቃሚ የሚያደርገው ሳጥን ነው፤ ምልክቱን ያንሱለት። የእርስዎ አካውንት ራሱ አድሚን ከሆነ የሚመጣው የ«የስ» ወይም «ኖ» ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ይህ ችግር አይገጥምዎትም። የፕሪንተር ድራይቨርና አንቲቫይረስ ግን ሲስተሙን ስለሚነኩ ለአንድ ሰው ብቻ አይጫኑም፤ በእነሱ አይድከሙ።

ሲያልቅ የት እንደገባ ያረጋግጡ። ዴስክቶፕ ላይ ያለውን አይከን በቀኝ ክሊክ ተጭነው ፋይሉ ያለበትን ቦታ ይክፈቱ። «ዩዘርስ» ውስጥ በስምዎ ባለው ፎልደር፣ ብዙ ጊዜም «አፕዳታ»፣ «ሎካል»፣ «ፕሮግራምስ» በሚለው መንገድ ከተገኘ የእርስዎ ብቻ ነው። «አፕዳታ» የተደበቀ ፎልደር ስለሆነ በቀላሉ ካላዩት አይደንግጡ። «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ካገኙት ግን ለሁሉም ተጭኗል። አንዳንዶች ያኔ አይከኑን ከሌሎች ዴስክቶፕ ላይ ያጠፋሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ፕሮግራሙን ማንም ፈልጎ ሊከፍተው ይችላልና። አጥፍቶ እንደገና መጫን ይሻላል።

ለማጥፋት ሲፈልጉም በዚያው በጫኑበት አካውንት ይግቡ። አካውንትዎ ከነፋይሉ ከተሰረዘ ፕሮግራሙም አብሮ ይሄዳል። አድሚን ፎልደርዎን መክፈት ስለሚችል ደግሞ ምስጢራዊ ነገር እዚያ አያስቀምጡ።