ለቤተሰብ በእጅ የሚጻፍ ደብዳቤ፦ አጻጻፉና ደስታው

ለቤተሰብ የሚጻፍ ደብዳቤ ከተቀባዩ አስቀድሞ የሚያስደስተው ጸሐፊውን ነው። በስልክ ስንነጋገር ጨዋታው ወዲያና ወዲህ ይላል፤ የተጠየቅነውን እንመልሳለን፣ ለመናገር ያሰብነው ነገር ትዝ የሚለን ግን ብዙ ጊዜ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ለአንድ ሰዓት ያህል ከእናቱ ወይም ከወንድሙ ጋር ማንም ሳያቋርጠው ይቀመጣል፤ ፊታቸውን በዓይነ ኅሊናው እያየ፣ «ይህችን ሲያነቡ ምን ይሉ ይሆን?» እያለ ቃሉን ይመርጣል። ይህን ደስታ ለማግኘት ጥሩ የእጅ ጽሑፍም ሆነ የሥነ ጽሑፍ ተሰጥኦ አያስፈልግም፤ ጥቂት ነገሮችን ማስተዋል ግን ይረዳል።

በመጀመሪያ የሚጽፉለትን አንድ ሰው ይምረጡ። «ለመላው ቤተሰብ» ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ለማንም እንደማይሆን ማስታወቂያ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ለእህት የሚነገረው ለአባት አይነገርም፣ አባትን የሚያስቀው ታናሽ ወንድምን አያስቀውም። ለሁሉም መጻፍ ከፈለጉ ለእያንዳንዳቸው አጭር ደብዳቤ ይጻፉና ከተቻለም በየስማቸው በተለያየ ፖስታ ይላኩ። በተለይ ሕፃናት በራሳቸው ስም የመጣ ፖስታ ሲደርሳቸው የሚሰማቸው ኩራት ታላላቆቻቸው ከሚገምቱት በላይ ነው።

ስለ ወረቀትና ስለ እስክሪብቶ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። በየቢሮው የሚገኘው በካሬ ሜትር 80 ግራም የሚመዝነው ወረቀት ይበቃል፤ ቀለም በሚሞላ ብዕር የሚጽፍ ሰው ብቻ ቀለሙ ወደ ጀርባው እንዳያልፍ ትንሽ ወፈር ያለ ቢመርጥ ይሻለዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እመክራለሁ፦ በላጲሱ ሲታሽ በሙቀት በሚጠፋ ቀለም ከሚጽፍ እስክሪብቶ ይራቁ። ይህ ቀለም 60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት ሲደርስበት ስለሚጠፋ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ደብዳቤ ባዶ ወረቀት ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከወረቀቱ አናት ላይ ቀኑን ከነዓመተ ምህረቱ፣ የሚጽፉበትንም ቦታ ያስፍሩ። ዛሬ ትርፍ ነገር ቢመስልም፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ ደብዳቤውን ከመሳቢያ የሚያወጣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አጠራሩም በአፍ እንደሚጠሩት ይሁን፤ አባቱን «እርስዎ» የሚል በወረቀትም «እርስዎ» ይበል፣ እናቱን «እማዬ» የሚል ሰው ወረቀት ላይ ሲደርስ «የተከበሩ ወላጅ እናቴ» ማለት የለበትም። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር ደኅና ነኝ» የሚለው የቆየ ሰላምታ ዛሬም ሞቅ ያለ መግቢያ ነው፤ ሆኖም ከሁለት መስመር ሳያልፍ ወደ ጨዋታው ቢገቡ መልካም ነው።

ብዙዎች እስክሪብቶ ይዘው የሚደናቀፉት እዚህ ላይ ነው፤ ምን ይጻፍ? ደብዳቤው እስኪደርስ ድረስ ማን እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንደቀየረ በስልክ ተሰምቶ ያልቃል። ስለዚህ ወሬ ለመንገር ከመሞከር ይልቅ ጊዜ የማያሳልፈውን፣ በስልክም ለመናገር የሚያንሰውን ትንሽ ነገር ይጻፉ። «ልጁ ደኅና ነው፣ በጣም አድጓል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እውነት ቢሆንም አያት በዓይናቸው የሚያዩት ነገር የለውም። «ልጁ ጫማውን ራሱ ማሰር ተምሯል፤ ግራና ቀኙን ግን አሁንም ያቀያይራል፣ ስነግረውም ልክ እንደ እርስዎ ቅንድቡን ሰብስቦ ዝም ይላል» የሚለውን ያነበቡ አያት ግን የልጅ ልጃቸውን አይተውታል፤ ራሳቸውንም በእርሱ ውስጥ አግኝተዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ባለፈው ሳምንት ያንን ሰው ያስታወሰዎት ነገር ምን እንደነበር ራስዎን ይጠይቁና ከዚያው ይጀምሩ። አንድ ነገር ከተጻፈ ሌላው ተከትሎት ይመጣል፤ እየጻፍኩ ሳለሁ ለዓመታት ያላሰብኩት የእናቴ አነጋገር ወይም የእህቴ ሳቅ ድንገት ሲመጣልኝ የሚሰማኝን ደስታ በሌላ ሥራ አላገኘሁትም።

ደብዳቤው የሚጠይቀው ነገርም ይኑረው። «እንዴት ነሽ?» ለሚለው መልሱ «ደኅና ነኝ» ነው። «የመጀመሪያ ደመወዝሽን ምን ገዛሽበት?» ወይም «እኔ ስወለድ አባዬ የት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ ግን እናት ወንበር ስባ እንድትቀመጥና እንድትጽፍ ያደርጋታል። በአንድ ደብዳቤ አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ምርመራ ይመስላል።

ቃል ሲሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዘው ይቀጥሉ፤ ሙሉውን ገጽ እንደገና መገልበጥ ለማመልከቻ እንጂ ለእናት አያስፈልግም፤ ስርዙም የእጅዎ ምልክት ነው። ተቀባዩ በዕድሜ የገፋ ከሆነ ግን ፊደሉን ጎላ፣ መስመሩን ራቅ ራቅ አድርገው በጥቁር ቀለም ይጻፉ። ቅሬታ ወይም ይቅርታ ያለበትን ደብዳቤ ደግሞ በጻፉበት ቀን አይላኩ። አሳድረው በማግሥቱ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ በድምፅ ለመናገር የሚከብድ ቃል በወረቀት ላይ ደግሞ ይብስ ይከብዳል፣ ተቀባዩም ደጋግሞ ሊያነበው ይችላል።

የቀረው አጭር ነው። ኤ4 የሚባለው ወረቀት በ80 ግራም ዓይነቱ እያንዳንዱ 5 ግራም ይመዝናል፤ ሦስቱ ከቀላል ፖስታ ጋር 20 ግራም ገደማ ይሆናሉ፤ ይህም በበርካታ አገሮች የደብዳቤ ክፍያ የመጀመሪያው የክብደት ደረጃ ነው። ወረቀቱን ለሦስት እኩል ክፍል አጥፈው ረዘም ባለው ፖስታ ውስጥ ያስገቡ፣ የራስዎን አድራሻም መጻፍ አይርሱ። በአንድ አገር የተለጠፈ ቴምብር ደብዳቤውን በሌላ አገር ለሚኖር ዘመድ እስከ ደጁ የሚያደርሰው እ.ኤ.አ. በ1874 በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ በተፈረመው ስምምነት የተቋቋመው የዓለም ፖስታ ኅብረት አገሮቹን ስላስተሳሰረ ነው፤ ስለዚህ ርቀቱ ከመጻፍ አያግድዎ።

መልስ ሲመጣም በወጉ ያስቀምጡት። የብረት መርፌና ማያያዣ ይዝጋል፣ ፕላስተርም ጊዜ ሲቆይ ቢጫ ጠባሳ ስለሚተው፣ ሁለቱንም ከደብዳቤ ያርቁ፤ ከብርሃንና ከእርጥበት በራቀ ቦታም ከነፖስታው ያኑሩት። መልሱ ቢዘገይ ወይም ጭራሽ ባይመጣ አይቀየሙ፤ ለመጻፍ እጁ የማይፈታለት ነገር ግን የደረሰውን ሁሉ ደጋግሞ የሚያነብ ዘመድ ብዙ ነው። መልስ የጻፈልዎት ሰው ካለ ደግሞ ቀጣዩን ደብዳቤ ሲጽፉ የእርሱን ከፊትዎ ዘርግተው፣ ከጠየቀዎት ነገር ይጀምሩ።