የስታርተር ክላች ስትቀይሩ ማርሹን በኃይል አትግፉት

የቆየ ሞተር ሳይክል ላይ ሞተሪኖው እየጮኸ ሞተሩ ካልዞረ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስታርተር ክላቹ ነው፤ ይህ የሞተሪኖውን ዙር ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ክፍል ነው። አዲሱን ስትገጥሙ አስቸጋሪው ነገር የስታርተር ማርሹን (ከሞተሪኖው ዙር የሚቀበለውን ባለ ጥርስ ብረት) ክላቹ ውስጥ ማስገባት ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ሞተሮች ላይ ያሉት ሦስት ሮለሮች (ትንንሽ ድቡልቡል ዘንጎች) በሞላ (ስፕሪንግ) ተገፍተው ስለሚወጡ መንገድ ይዘጋሉ።

ክላቹ ውስጥ የሚገባውን የማርሹን አንገት የሞተር ዘይት ቀቡት። ከዚያ በነፃ በሚዞርበት አቅጣጫ እያዞራችሁ በስሱ ተጫኑት፤ ሹልክ ብሎ ይገባል። ሮለሮቹ የተቀመጡበት ቦታ በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ነው። ማርሹ ወደ ነፃው አቅጣጫ ሲዞር ሮለሮቹን ወደ ሰፊው በኩል ይወስዳቸዋል፣ ሞላዎቹም ይጨመቃሉ። መዶሻ ያነሳ ሰው ግን ሞላውን አጣሞ ነው የሚያርፈው።

ሮለሮቹ እንዳይወድቁ ብሎ ወፍራም ግራሶ መሙላትም ጥሩ አይደለም። በተለይ በብርድ ሮለሩን ይዞ ያስቀረዋል፤ አዲሱ ክላች ይንሸራተታል። ከገባ በኋላ በእጅ ሞክሩት፤ በአንድ አቅጣጫ መዞር፣ በሌላው መያዝ አለበት።

የማርሹ አንገት ከተቦረቦረ ወይም ከተጫረ በዚህ ዘዴ አትድከሙ፣ እሱም አብሮ ይቀየር። ክላቹን ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጎማ) ጋር የሚያስሩትን ቡሎኖች ደግሞ ዘይታቸውን በደንብ ጠርጋችሁ በቡሎን ማጣበቂያ እሰሩ። ቅባት ላይ ማጣበቂያው አይዝም።