ከጣርማበር ወደ ሸዋሮቢት ቁልቁል ለምትሮጡ

የጣርማበር ብርድ አያታላችሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ተነስታችሁ 1,300 ሜትር ገደማ ወዳለው የሸዋሮቢት ቆላ ስትወርዱ፣ ሙቀቱ የሚያገኛችሁ እግራችሁ ከዛለ በኋላ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ደግሞ ይብሳል።

ውሃ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጠጡ። ላብ ጨው ይዞ ይወጣል፤ ባዶ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት በደም ውስጥ የቀረውን ጨው ያቀጥነዋል፣ ይህም አደገኛ ነው። በሶ ጨው ጣል አድርጋችሁ በጥብጡና ያዙ። ለእኔ ከታሸገ ጣፋጭ መጠጥ ይሻላል። ወንዝ ባገኛችሁ ቁጥር ኮፍያችሁንና አንገታችሁን አርሱ፤ ውሃውን ግን ሳታክሙ አትጠጡ።

ጓደኛችሁ ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ወዲያው አስቁሙት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ጤና ጣቢያ እስኪደርስ ማቀዝቀዙን አታቋርጡ።