የቅድመ አያትዎን የመቃብር ድንጋይ ለማንበብ

የቅድመ አያቴን መቃብር ፍለጋ የሄድኩ ዕለት የሽቦ ብሩሽ ይዤ ነበር። እናንተ እንዳታደርጉት። የድንጋይ ሽበቱን አነሳለሁ ብዬ የአንዱን ቁጥር እግር አብሬ ፋቅኩት። አጎቴ ይሄን እስከ ዛሬ አልማረኝም።

ደብሯ አንኮበር አካባቢ፣ ገደል አፋፍ ላይ ናት። መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዱ። ስልኩን ደግኖ መቃብር ለመቃብር የሚዞር እንግዳ ማንንም ደስ አይለውም።

ከዚያ ብርሃን ጠብቁ። ቀትር ላይ ድንጋዩ ልሙጥ ነው የሚመስለው። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ፣ ወይ ወደ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይ በጎን ስትመታው የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ያወጣል። ፀሐይ ከሌለ የስልክ ባትሪ ከጎን አብሩ። በረኪናና ጠመኔ አታስነኩት፤ ንጹህ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

የእኛ ድንጋይ ላይ መስቀል አለ። ከስሩ ራስ ቅልና ሁለት የተጣመሩ አጥንቶች። የእህቴ ልጅ «የመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ ያለው!» አለ። ማስፈራሪያ ግን አይደለም። ጎልጎታ ማለት የራስ ቅል ስፍራ ነው፤ ቅሉም በትውፊታችን የአዳም ነው። የጌታ ደም ወርዶ ነካው ይባላል። ስለዚህ ቅሉን ለብቻው አታንብቡ። ከመስቀሉ ስር መሆኑ ነው ቁም ነገሩ።

መስቀሉ ውስጥ የተጠላለፈ ሐረግ ካለ በጣታችሁ ተከተሉት። ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመልሳችኋል፤ መነሻም መድረሻም የለውም። ዘላለም በድንጋይ ሲጻፍ እንዲህ ነው። የእኛው ጠራቢ አንድ ቦታ ተሳስቶ ሐረጉ ይበጠሳል። እኔ እንዲያውም እሱን ወደድኩለት።

አቅጣጫም ይነበባል። የኦርቶዶክስ ሟች ራሱ በምዕራብ ሆኖ ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ የጌታን መምጣት ይጠብቃል። ወደ አልዩ አምባ ብትወርዱ የሙስሊሙም መቃብር ከምሥራቅ ምዕራብ የተጋደመ ነው። መካ ከእኛ ወደ ሰሜን ናት፤ ሟቹ በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ወደዚያ ስለሚያይ ራሱ በምሥራቅ ይውላል። በአቅጣጫ ብቻ አትፍረዱ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፋቅኩት ቁጥር። ፲፱፻፳ ይነበባል፤ ቀጣዩ ፮ ይሁን ፯ አይለይም። ከጎኑ ግን «ዘመነ ሉቃስ» ይላል። ዓመቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 1926 ሲደመር 7426 ነው፤ ቀሪው 2፣ ማርቆስ። 1927 ደግሞ 7427፤ ቀሪው 3። ሉቃስ!

አጎቴ ዕድሜ ልኩን «ሃያ ስድስት ነው» ሲል ኖሯል። አሁን ስለ ዓመቱ ዝም ብሏል። ስለ ብሩሹ ግን ሰው በመጣ ቁጥር ያወራል።