የወባው ቅጠል፦ ከቻይና የመጣውን አርቴሚሲያ ስንጠቀም የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ኮአርተም የሚባለው የወባ ኪኒን የሚሠራው ከዚህ ቅጠል ነው አይደል? ታዲያ ቅጠሉን አፍልቼ ብጠጣስ?» ጥያቄው የሞኝ አይደለም። ቅጠሉ አርቴሚሲያ አኑዋ ይባላል፣ ቻይናዎች ቺንግሃው ይሉታል። ችግሩ መልሱ ላይ ነው።

ትልቁ ስህተት ቅጠሉንና ኪኒኑን አንድ አድርጎ ማየት ነው። ወባን የሚገድለው አርቴሚሲኒን በቅጠሉ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። መጠኑም እንደ ዘሩ፣ እንደ አፈሩና እንደ አደራረቁ ይለያያል። አንዷ የኮአርተም ኪኒን ግን ከአርቴሚሲኒን የሚሠራ 20 ሚሊግራም አርቴሜተር አላት፤ አብሮት 120 ሚሊግራም ሉሜፋንትሪን አለ። አርቴሜተር ወባ የሚያመጣውን ጥገኛ ተሕዋስ ቶሎ ይጨርሳል፣ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከደም ይወጣል። የተረፈውን ለቀናት እየተከታተለ የሚለቅመው ሉሜፋንትሪን ነው። ሻዩ ውስጥ ይህ አጋዥ የለም። ትኩሳቱ ሊበርድ ይችላል፣ ወባው ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ቅጠሉን ለወባ መጠቀምን እንደማይደግፍ የገለጸውም ለዚህ ነው።

ማፍላቱም ራሱ ስህተት ነው። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1971 ቅጠሉን በሙቀት ስትሞክረው ውጤቱ አስተማማኝ አልሆነላትም። ከዚያ ከ1,600 ዓመት በላይ የቆየ የሐኪሙን የጌ ሆንግን ጽሑፍ አገላበጠች። ጽሑፉ «ነክረህ፣ ጨምቀህ ጠጣ» እንጂ «አፍላ» አይልም። እሷም መድኃኒቱን ኤተር በሚባል፣ በዝቅተኛ ሙቀት በሚተን ፈሳሽ አወጣችው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸለመች። እኛ ደግሞ ዛሬም ጀበናውን እንጥዳለን!

የእኛ አገር ጭቁኝና አሪቲም የአርቴሚሲያ ዘመዶች ናቸው። ሽታቸው ቢቀራረብም ወንድማማችነት መድኃኒትነትን አያወርስም፤ ለወባ አይተማመኑባቸው።

ሳይመረመሩ መድኃኒት መጀመርም ሌላ ስህተት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ የሚባሉ ሁለት የወባ ዓይነቶች አሉ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይመለሳል። እሱን የሚያጠፋው ሌላ መድኃኒት ነው፤ እሱም በጤና ባለሙያ ነው የሚታዘዘው።

«ለመከላከያ» እያሉ ሻዩን በየቀኑ መጠጣት ደግሞ የሌላውንም ሰው መድኃኒት ያበላሻል። ጥገኛው ደካማ መጠን እያገኘ ከለመደው መቋቋም ይጀምራል። በካምቦዲያ ከታየ ቆይቷል፣ አሁን በምሥራቅ አፍሪካም ታይቷል። እዚህ ላይ ለማንም አላዝንም፤ የሚቀጥለው ታማሚ የጎረቤት ልጅ ሊሆን ይችላል።

«ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» ለሚሉ፦ የኒው ዚላንድ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 ለመገጣጠሚያ ሕመም ይሸጥ ስለነበረ ከዚህ ተክል ተነጥሮ የተሠራ ምርት የጉበት ጉዳት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አርቴሚሲኒን ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያጣራበትን መንገድም ይነካል። ስለዚህ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካው። ነፍሰ ጡር ሴትም እንዲሁ።

የመጨረሻው ስህተት ትክክለኛው ኪኒን እጅ ከገባ በኋላ የሚሠራ ነው። ሁለተኛው መጠን ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ጧትና ማታ እስከ ሦስተኛው ቀን ይወሰዳል፤ በጠቅላላው 6 ጊዜ ነው። ትኩሳቱ በለቀቀ ማግስት ማቆም የለም። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት በደንብ ወደ ደም አይገባም። በወተት ይውሰዱት፤ ጾም ከሆነም ዘይት የገባበት ሽሮ ይረዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስታወከዎት ያው መጠን ይደገማል።