የአንጎል ግራና ቀኝ የት ላይ እንደሚገናኙ በበግ አንጎል እንዴት ማየት ይቻላል

ባሕር ዳር ላይ በዓል በመጣ ቁጥር በየግቢው በግ ይታረዳል። ጭንቅላቱ ግን ብዙ ጊዜ ይጣላል። ቤታችሁ የባዮሎጂ ተማሪ ካለ አታስጥሉት፤ ከመጽሐፉ ሥዕል በላይ ያስተምረዋል።

በጉ በቁሙ ክብ እየሠራ ሲዞር ከነበረ ግን ተዉት። አዙሪት ይሆናል። የውሻ ኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ገብቶ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሲሠራ ይመጣል። በጉ ብዙውን ጊዜ የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው።

አራጁን አስቀድማችሁ አንድ ነገር ለምኑት፦ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ ከመሐል እንዳይፈልጠው። የምንፈልገው ያለው እዚያው መሐል ላይ ነው። የራስ ቅሉን ከዓይኖቹ በላይ ዙሪያውን በመጋዝ ቆርጦ ክዳኑን ያንሳላችሁ። ጓንት አድርጉ። አንጎሉን የሸፈነውን ጠንካራ ስስ ቆዳ በመቀስ እየቆረጣችሁ ግፈፉ። ግራና ቀኙን አንጎል የሚለየው ስንጥቅ ውስጥም ስለሚገባ እዚያ ጋ አትቸኩሉ።

ጥሬ አንጎል እንደ ገንፎ ልል ስለሆነ ወዲያው ቢቆረጥ ይበላሻል። ፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውስጥ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ሳምንት ያህል ዘፍዝፉት። መሐል ላይ አልኮሉን ለውጡት። እሳት አጠገብ እንዳይቀመጥ።

አሁን ዋናው ሥራ። ሁለቱን አውራ ጣቶቻችሁን ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ግራና ቀኙን በጣም ቀስ ብላችሁ ገለጥ አድርጉ። ታች፣ ወለሉ ላይ፣ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ኮርፐስ ካሎሰም ይባላል። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገሩ የነርቭ ክሮች ጥቅል ነው። ነጭ ያደረገው ክሮቹን የሚሸፍነው ማየሊን የተባለ ቅባታማ ነገር ነው። በሰው አንጎል ክሮቹ 200 ሚሊዮን ገደማ ይደርሳሉ።

ቀጥሎ ስለታም ረጅም ቢላ ይዛችሁ በስንጥቁ በኩል እስከ ታች ቁረጡ። አንዴ ብቻ ሳቡት እንጂ ወዲያ ወዲህ አትበሉት። ከጎን ስታዩት ነጩ ጥቅል ጎበጥ ብሎ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቷል። የፊት ጫፉ ወደ ታች ይታጠፋል። ከዚያ ዝቅ ብሎ አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ ፈልጉ። እሷም ማገናኛ ናት፤ አንቲሪየር ኮሚሹር ትባላለች፤ በዝግመተ ለውጥ ቀድማ የመጣችው እሷ ናት። የጣና ቆሮሶና አምባዛ እሷ አለቻቸው፣ ትልቁ ጥቅል ግን የላቸውም። ዶሮም የላትም። ካንጋሮ እንኳ አጥቢ ሆና ሳለ የላትም። በጉ፣ የጣና ጉማሬና እኛ ግን አለን።

ጥቅሙን ያሳዩት ለሚጥል በሽታ ሲባል ጥቅሉ የተቆረጠላቸው ሰዎች ናቸው። የአንጎል ተመራማሪው ሮጀር ስፔሪ ሥዕል በግራ በኩል ብልጭ ሲያደርግላቸው መረጃው የሚደርሰው ቀኙ አንጎል ጋ ብቻ ነው። ንግግር ደግሞ በአብዛኛው በግራው በኩል ነው። ስለዚህ «ምንም አላየሁም» ይላሉ፤ ግራ እጃቸው ግን ያንኑ ዕቃ ለይቶ ያነሳል። ስፔሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ኖቤል ተሸለመ። «እሱ የግራ አንጎል ሰው ነው» የሚባለውን ወሬ እኔ የማልቀበለው ለዚህ ነው፤ ጥቅሉ ደህና እስከሆነ ድረስ ሁለቱ ጎኖች ያለማቋረጥ ይነጋገራሉ።

ስትጨርሱ የተረፈውን ለውሻ አትስጡ፤ የአዙሪት ትል ወደ ውሻ የሚመለሰው በጥሬ አንጎል ነው። ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት፣ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።